መብራት ከሄደ በኋላ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀሐይወርቅ፤

ደብዳቤሽን እህል ነጋዴው ሙሀመድዘይን ፋብሪካው በር ላይ ሰጠኝ። «ከደልጊ ነው፤ ከማን እንደሆነ አልጠየቅሁም» አለና ሳቀ። መጠየቁንማ ጠይቋል። ኔትወርክ ቢኖርም አትደውይልኝም ነበር፤ ብትደውይም አላነሣልሽም ነበር። የስልክ መጥፋት አንዳንዴ ሰው ያዋርዳል።

«እርስዎ» ብለሽ ጽፈሻል። ያኔ ባሌ የነበረውን የሕዝቅኤልን ሻንጣ ልትወስጂ ደጄ ላይ የቆምሽ ዕለት «አንቺ» ነበር ያልሽኝ። ስትቸገሪ እርስዎ ሆንሁ። ስለ እናቴም ጤና ጠይቀሻል። እናቴ ሞታለች። ነግሬው ነበር፤ እሱ አልነገረሽም ማለት ነው።

ወደ ጉዳዩ። ከሆቴል ከተጣለ የመሮጫ ማሽን ላይ ሞተር አውጥቶ እንጨት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ቶርኖ እየሠራ ነው ብለሻል። ለሞተሩ ኮረንቲ የሚሰጠውንም ሳጥን ራሱ እየገጣጠመ ነው ብለሻል። ሥራውን ያውቃል ወይ ላልሽው፣ አያውቅም። እኔ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ እሱ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ነበር። የፊውዝ ስም ያውቃል፤ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ያውቃል። ለምን እንደሚቃጠል አያውቅም።

«ድሮ ቤታችሁ ውስጥ ሶኬት ሁሉ ይሠራ ነበር አሉ፤ ምንም አልሆነም» ብለሻል። አሉ ያልሽው እሱን ነው። እንግዲህ ስሚኝ። እሱ ካቻቢቴ ይዞ ግድግዳው ሥር ሲንበረከክ፣ እኔ ልብስ ላሰጣ የወጣሁ መስዬ በረንዳ እሄድና የሶኬቱን ብሬከር አወርድ ነበር። ሲጨርስ መልሼ አነሣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ማን አጠፋው ብሎ አልጠየቀም። ኮረንቲ የሚፈራው መስሎት ኖረ። ሙያው የእኔ ነበር፤ እሱ ኩራቱን ይዞ ወጣ። አሁን በረንዳ የምትሄጂለት አንቺ ነሽ።

«የሚሠራው መብራት ሲሄድ ነው፤ ስለዚህ አያሰጋም አይደል?» ብለሻል። ይኸ የአገራችን ሰው ሁሉ ስሕተት ነው። የሄደ መብራት ይመለሳል፤ ሲመለስ በር አያንኳኳም። ሠፈሩ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ የእሱ እጅ ሽቦ ላይ ይሆናል። መብራት ኖረም አልኖረም ብሬከሩ ይውረድ፤ ስፒናው ይነቀልና ዓይን የሚያየው ቦታ ይቀመጥ።

ከዚህ ሆኜ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ማየት አልችልም። እሱ በሌለበት፣ ብሬከሩን አውርደሽ፣ ክዳኑን ክፈቺና ያየሽውን ሁሉ ሥለሽ ላኪልኝ። ከሳጥኑ ብረት ጋር የታሰረ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው ሽቦ ካለ ጥብቅ ይሁን ልል ነካ አድርገሽ እዪው።

እኔም ልጠይቅሽ። ሥራ ሲጨርስ አሁንም እጁን በነጭ ጋዝ ይታጠባል? ሰማያዊ ቱታ ይዞ ሄዷል፤ የእኔ ነው። ጀርባው ላይ የፋብሪካው ስም አለ፤ የግራ ኪሱን ጠርዝ ሽቦ ቀዶት በቀይ ክር ጠቅሜዋለሁ። ለእሱ እጅጌው ያጥረዋል። ይለብሰዋል? ለብሶት ስታዪው ምን ትያለሽ? ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል ወይስ ትቶታል? እኔን «አለቃ» ነበር የሚለኝ። አንቺንስ ማን ብሎ ይጠራሻል? መመለስ ግዴታሽ አይደለም። ከመለስሽ ግን እኔም ቶሎ እመልሳለሁ።

አገርነሽ


ደልጊ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አገርነሽ፤

ከእንግዲህ አንቺ እልሻለሁ። እርስዎ ብዬ የጻፍሁበት እጅ በፋሻ ታስሯል። ይኸን በግራዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ።

እንዳልሽው አደረግሁ። ጠዋት ሞተሩን ሞክሮት እንጨት ሊገዛ ወጣ። ብሬከሩን አወረድሁ። ስፒናውን ነቅዬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁ። የማዋለጃ ጓንቴን ሳይቀር ሁለት ደርቤ አጠለቅሁ። ክዳኑን ከፈትሁ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ የሚያህሉ ሁለት ጥቁር ነገሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ያልሽው ሽቦ ከኋላቸው ነበር። ነካ አድርገሽ እዪው ብለሽኛል፤ እጄን ሰደድሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ራሴን ያገኘሁት በሩ ሥር ነው። ጓንቱ ጣቴ ላይ ቀልጧል።

ለእሱ ዘይት ነው ያቃጠለኝ አልሁት። ጤና ጣቢያም ለባልደረባዬ ለኪዲ እንዲሁ አልኋት። ኪዲ ነርስ ናት፤ ቁስሉን አገላብጣ አየችና «ዘይትሽ ጥርስ አለው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ አጥባ አሰረችልኝ።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብሁት። ስለ ቱታሽ ኪስ ጠርዝ ጽፈሻል። ስለ ክሩ ቀለም ጽፈሻል። ስለ አተኛኘቱ ጽፈሻል። ስለ እነዚያ ሁለት ጣሳዎች አንዲት ቃል የለም። ረሳሽው? ወይስ ክዳኑን የምከፍተው እኔ መሆኔን እያወቅሽ ነው? መልስሽን አልፈልግም፤ ብትሰጪኝም አላምንሽም።

የጠየቅሽኝን ግን እመልሳለሁ፤ የሰው ዕዳ አልወድም። ነጭ ጋዝ ከልክዬዋለሁ፤ ቆዳ ያደርቃል። ቱታሽን ቀድጄ ወለል ወልውዬበታለሁ፤ ክሩ ቀይ መሆኑን አላየሁም። እኔን በስሜ ነው የሚጠራኝ። አንቺንም በስምሽ ነው የሚጠራሽ፤ አለቃ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሽቦ ሲበጠስበት «አገርነሽ ብትሆን ይኸን በአንድ ጧት ትጨርሰው ነበር» ይላል። ፊውዝ ሲቃጠልበት «አገርነሽ ብትሆን» ይላል። አንድ ቀን ጭልፋ ወረወርሁበት።

«ምነው ሴትዮ! ስለ ሽቦ እኮ ነው ያወራሁት!» አለኝ።

ስለ ሽቦ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ስለ መልክሽ ቢሆን እችለው ነበር።

«ታዲያ ጻፍላትና ጠይቃት» አልሁት። «ሞቼ ነው!» አለ። እንዲህ ከቀጠለማ ይሞታል። ለአንድ ምግብ ቤት ወንበሮች ለኅዳር ሚካኤል ሊያስረክብ ቃል ገብቷል፤ እግራቸውን የሚያወጣው በዚህ ቶርኖ ነው። ይተው ብዬ አይተውም።

እንድትረጂኝ አይደለም የምጽፍልሽ። ስምሽ ከቤቴ እንዲወጣልኝ ነው። እሱ አንድ ነገር ቢሆን ስምሽ እዚሁ ይቀመጣል፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «አገርነሽ ጋ ቢሆን ኖሮ» እያለ ይሄዳል። ስለዚህ የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ። ከጣሳዎቹ ጀምሪ።

ሥዕሉን በግራ እጄ ሥዬ ልኬዋለሁ። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከምንም ጋር አልታሰረም። ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦታል።

ፀሐይወርቅ


ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀሐይወርቅ፤

ሙሀመድዘይን ነገ ጠዋት ይነሣል። ይኸን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሕዝቅኤል ወንበሮቹን እንዳይጀምር።

ጣሳ ያልሻቸው ካፓሲተር ይባላሉ። ኮረንቲ ያጠራቅማሉ። እንስራ ነው በይው፤ ምንጩ ቢደርቅም እንስራው ሙሉ ነው። ብሬከር ወርዶ፣ ስፒና ተነቅሎ፣ መብራት ከአገሩ ከሄደ በኋላ ሰው የሚገድል ይዘው ይቆያሉ። ይኸን በመጀመሪያው ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ። ፋብሪካ ለሚገቡ አዲስ ሠራተኞች በመጀመሪያው ቀን፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ፣ የምነግራቸው ነገር ነው። ለአንቺ ስጽፍ አልመጣልኝም። ረሳሽው ወይ ብለሻል። ቱታዬን እያሰብሁ ነበር። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ልብሽን አስመርምሪ። ኮረንቲ የሚያቃጥለው ቆዳ ብቻ አይደለም፤ ይኸን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ጓንትሽ ከደም ያድንሻል፤ ከኮረንቲ አያድንም።

ብቻሽን አትክፈቺው። እሱ ሳያይም አትክፈቺው። በዚያ አገር ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካለ ጥሪውና አብሯችሁ ይቁም። ብሬከሩን ሕዝቅኤል ራሱ ያውርደው፤ አንቺ በረንዳ አትሂጂለት። እኔ ስለሄድሁለት ነው እዚህ የደረሰው።

ሁለት የድሮ ቢጫ አምፖል ልኬያለሁ፤ አንዱን ከሌላው አስከትዬ አያይዣቸዋለሁ። ክዳኑ እንደተከፈተ፣ ምንም ነገር ሳይነካ፣ ሁለቱን ሽቦ በካፓሲተሩ ሁለት ጫፍ ላይ ያሳርፍ። አምፖሎቹ ቦግ ይሉና ይደክማሉ፤ ከዚያ ይጠፋሉ። ሌላውንም እንዲሁ። ሲጠፉ አትመኑ፤ በመለኪያ ለክታችሁ ዜሮ ሲል ነው እጅ የሚገባው። ያኔም አንድ እጅ ብቻ። ሌላው ከኋላ ይሁን፤ ኮረንቲ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር መንገዱ በልብ በኩል ነው።

ከአምፖሎቹ ጋር የላክኋቸው ነጭ ድንጋይ የሚመስሉት ሬዚስተሮች ናቸው። በየካፓሲተሩ ጫፎች መካከል ይታሰራሉ። ሳጥኑ በጠፋ ቁጥር እንስራውን ቀስ እያሉ ያፈስሱታል። ሬዚስተርም ግን ይበጠሳል፤ ስለዚህ ምንጊዜም ይለካ።

በጨርቅ የጠቀለለው ሽቦ ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርደው ነው፤ መሬት ይባላል። ትርፍ መስሎት ነው፤ ግምጃ ቤት ስለኖረ ያልገባው ዕቃ ሁሉ ትርፍ ይመስለዋል። የሳጥኑ ብረት፣ የሞተሩ አካል፣ የቶርኖው እግር ሁሉ ከእሱ ጋር ይታሰር፤ ቀለም ካለው ተፍቆ፣ በብሎን ጠብቆ። የቤታችሁ ሶኬት ራሱ መሬት እንዳለው አስቀድማችሁ አስለኩ። አንድ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ያኔ ፊውዙ ይቃጠላል። መሬቱ ከሌለ የሚቃጠለው ቶርኖውን የያዘው ሰው ነው። ፊውዝ ሲቃጠል ደግሞ በቀጭን ሽቦ እንዳይቀጥለው። ይቀጥለዋል፤ አውቀዋለሁ። ኪሱን ፈትሺ።

ከላክሁት ውስጥ ትልቁ ዕቃ ኮንታክተር ነው፤ ከአረንጓዴ የማስነሻና ከቀይ የማቆሚያ መጫኛ ጋር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቶርኖው በራሱ እንዳይነሣ የሚያደርገው እሱ ነው። ያለ እሱ መብራት ሲመለስ ጣቱ እንጨቱ ላይ ይሆናል። ቀዩን መጫኛ ከቆመበት ሳይንጠራራ በሚደርስበት ቦታ አድርጉት።

በመጨረሻ ሽቦዎቹ ይታሰሩ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እርስ በርስ ተፋትገው ይላጣሉ። በፕላስቲክ ማሰሪያ አይሁን። ሰም በታሸ ክር፣ በየሁለት ጣት ርቀት፣ ክሩ በላይ ዞሮ በራሱ ሥር እየገባ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ሥዬልሻለሁ። ሌላ አስተሳሰር አያዋጣም፤ ልክ እንደ ሥዕሉ ይሁን።

ከማን እንደተማርሽው ንገሪው አልልሽም። የፈለግሽውን በይው።

አገርነሽ


ደልጊ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አገርነሽ፤

ዕቃው ሳይሰበር ደርሷል። ልቤን አስመርምሬያለሁ፤ ደኅና ነው አሉኝ። ኪዲ «ልብሽማ ምን ይሆናል፣ ድንጋይ ነው» ብላ ሳቀች።

ማታ ራት ላይ ፋሻውን ፈትቼ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ዘይት አይደለም። ያንተ ሳጥን ነው።»

«መብራት ነበረ?»

«ብሬከሩን አውርጄው ነበር።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

«አንተ ያጠራቀምኸው።»

እንጀራውን ትቶ ተነሣ። ተመልሶ መጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አያቸው። ከማን እንደሰማሁ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁትም። ሲመሽ ከኪሱ የፊውዝ መቀጠያ ሽቦ አወጣሁ። በእሱስ ልክ ነበርሽ።

በማግሥቱ የወፍጮ ቤቱን ኤሌክትሪሺያን ምሥጋናን ጠራሁ። የጻፍሽውን በራሴ እጅ ገልብጬ ሰጠሁት። ሕዝቅኤል ራሱ ብሬከሩን አወረደ፤ ስፒናውን ራሱ ነቀለ። አምፖሎቹ ቦግ ሲሉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ይኸ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበር?» አለ። ምሥጋና «ሚስትህን ጠይቃት» አለው። ሬዚስተሩ፣ መሬቱ፣ ፊውዙ፣ ኮንታክተሩ ሁሉም በቦታው ገባ። ምሥጋና ሶኬቱን ለካ፤ የቤቱ መሬት ተበጥሶ ኖሯል፤ አዲስ የመሬት ብረት ዘንግ አስቀበረን።

አስተሳሰሩን የሣልሽበትን ወረቀት ሳሳየው ግን ሳቀ። «ይኸማ የአገርነሽ ስፌት ነው!» አለኝ። ሕዝቅኤል በዚያን ጊዜ ውጭ ነበር። ምሥጋና ባሕር ዳር ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ሲለማመድ አንዲት ኤሌክትሪሺያን ነበረች አለኝ። ክዳን ከፍቶ ሽቦዋን ያየ ሰው ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም ነበር አለኝ። «ያምራል እንጂ ግዴታ አይደለም። የማይሸሽ ቋጠሮ ሁሉ ይበቃል፤ ፕላስቲኩም ይበቃል።»

ከጻፍሽልኝ ሁሉ ይኸ ብቻ ነው ለኮረንቲ ያልሆነው። ለእሱ ዓይን ነው። ክዳኑን በከፈተ ቁጥር አንቺን እንዲያይ፣ ያውም በእኔ እጅ አሠርተሽ።

መስፋት እኔም አውቃለሁ። በወሊድ የተቀደደች ሴት እዚህ ብትመጣ የምሰፋት እኔ ነኝ። ወረቀትሽን ምድጃ ውስጥ ጣልሁና ሽቦዎቹን በቁስል መስፊያ ክር፣ በራሴ ቋጠሮ አሰርኋቸው። ቀኝ እጄ ገና ስለሚያመኝ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እንዳትጠራጠሪ ሥዕሉን ልኬልሻለሁ።

ስጨርስ ሕዝቅኤል ገባ። ክዳኑን ሳይዘጋ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ዘጋው።

ወንበሮቹን ለሚካኤል አስረከበ። የመጨረሻውን እግር ሲያወጣ መብራት ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ሠፈሩ ጮኸ። ቶርኖው ግን ዝም እንዳለ ነበር። ሕዝቅኤል እንጨቱን አስተካክሎ፣ እጁን አውጥቶ፣ አረንጓዴውን ሲጫን ነው የተነሣው። ለዚህ ምስጋና ይገባሻል፤ ይኸው አመሰገንሁሽ።

ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ፀሐይወርቅ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀሐይወርቅ፤

አትጻፊልኝ ብለሻል። ይኸ ስለ ክሩ ነው።

ሥዕልሽን አየሁት። ቋጠሮው ጥሩ ነው፤ አይሸሽም። ነገር ግን አጥብቀሽዋል። ሥጋ ሲያብጥ ሲጎድል ለክሩ ይመቻቻል፤ የሽቦ ልባስ ግን አይመቻችም፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ክሩ እየቆረጠ ይገባል። ፍቺውና ላላ አድርገሽ እንደገና እሰሪው። የቁስል ክር ደግሞ ርጥበት ይጠጣል፤ እናንተ የምትኖሩት ሐይቅ ዳር ነው። ሰም እሺበት። በራስሽ ቋጠሮ ይሁን፤ ግድ የለኝም። ከመክፈትሽ በፊት አምፖሉን፣ ከአምፖሉ በኋላ መለኪያውን።

ስለ ስፌቱ ያልሽው እውነት ነው። ምሥጋናን አስታውሰዋለሁ፤ ወሬ ይወድ ነበር።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብሁት። ኪዲ ያለችውን ጽፈሻል። ምሥጋና ያለውን ጽፈሻል፤ እኔን የሚያሞግሰውን እንኳ ሳትቆርጪ። ሕዝቅኤል ራት ላይ ያለውን ጽፈሻል፤ አምፖሉ ቦግ ሲል ያለውን ጽፈሻል። ክዳኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ ብለሻል። ከዚያ ዘጋው ብለሻል። በመካከሉ ምን ብሎ እንደተናገረ ግን አልጻፍሽም።

«እጅሽ ይባረክ» ብሎሽ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤሽ በእሱ ይጀምር ነበር። ዝም ብሎም ቢሆን ዝም አለ ብለሽ ትጽፊልኝ ነበር፤ እንድናደድ።

ስለዚህ ስሜን ጠርቷል።

በምን ድምፅ እንደጠራው አላውቅም። እሱን አትጻፊልኝ።

አገርነሽ